አክስቴና የሊዝበን እንቁላል

ሊዝበን ውስጥ «ታሽካ» የሚሏት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቶ «ይህን መርጬ በላሁ» የሚል ሰው ካለ ራሱን እየሸነገለ ነው። የምግብ ዝርዝር መኖሩስ አለ። የዕለቱ ምግብ በእስክሪፕቶ ተጽፎ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፤ የእጅ ጽሑፉን ለማንበብ ግን መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ያስፈልጋል። ቢያነቡትም ጥቅም የለውም። ወንበር ስበህ ሳትቀመጥ ባለቤቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ከእግር እስከ ራስህ አይታ ምን እንደምትበላ ወስናለች። ቤቱ ከአምስት ከስድስት ጠረጴዛ አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ በሰማያዊና በነጭ ሴራሚክ ተለብጧል፤ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን እግር ኳስ ያሳያል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የፋጢማ ማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። ሒሳብ ሲጠየቅ ያው የተነጠፈው ወረቀት ላይ ይደመርና፣ ከተከፈለ በኋላ ወረቀቱ ከነፍርፋሪው ተጠቅልሎ ይጣላል።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። እኛስ ያደግነው «ምን ትበላለህ?» ተብለን ነው እንዴ? «ብላ!» ተብለን ነው እንጂ። ነገር የመጣው አክስቴን ይዤ የገባሁ ዕለት ነው።

አክስቴ ቨርጂኒያ ከከተሙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በሊዝበን በኩል የሚያልፍ ርካሽ ትኬት አገኙና «መቼም ካለፍኩ አይቀር አገሩን ልየው» ብለው ጥቂት ቀን ሊያርፉ ወሰኑ፤ እኔም ከፍራንክፈርት መጥቼ ተቀበልኳቸው። አሜሪካ እሳቸውን መቀየር አቅቶት የተዋቸው ሰው ናቸው። አሳማ የነካውን ቢላዋ እንኳ አያስጠጉም። ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ቀርቦ የተመለሰ ምግብ ካዩ ደግሞ የሰባ ሰባቱን ረሃብ አንስተው ጠረጴዛውን የለቅሶ ቤት ያደርጉታል። ከእጅ ቦርሳቸው የማይለይ፣ «ቫይታሚን» የሚል የተለጠፈበት ብልቃጥ አለ፤ ውስጡ ያለው ሚጥሚጣ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾች ከፍተው ያሸቱታል፣ ያስነጥሳሉ፣ በአክብሮት ይመልሱላቸዋል።

መጀመሪያ በባቡር ፖርቶ ደርሰን ነበር። የፖርቶ ሰው በጨጓራ ወጡ ይታወቃል። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1415 ሴኡታን ለመያዝ መርከቦች ሲዘጋጁ ከተማዋ ያላትን ሥጋ ሁሉ ለዘማቹ ሰጥታ ለራሷ የሆድ ዕቃውን አስቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ጨጓራ ኩራቷ ሆነ። ይህን ስነግራቸው አክስቴ በጣም ደስ አላቸው። «ለዘማች ስንቅ የሚሰጥና ጨጓራ ማጠብ የሚያውቅ ሕዝብ አይከፋም» አሉ። ሳህኑ ቀረበ፤ የጥጃ ጨጓራ በነጭ ቦሎቄ። ማንኪያቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ከቦሎቄው መሐል የአሳማ ጆሮ ብቅ አለ። ቀሪውን ልናገር አያስፈልግም፤ የበላሁት እኔ ነኝ። ጉዟችን እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፦ እሳቸው ይመረምራሉ፣ እኔ እበላለሁ።

ዓርብ ዕለት ሊዝበን፣ ሞራሪያ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1147 ከተማዋ ከሙስሊሞች እጅ ስትወጣ ተሸናፊዎቹ እንዲሰፍሩበት የተተወ ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ልብሱ ሁሉ ከመስኮት ወደ መንገድ የተሰጣ ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ያገኘናት የመጀመሪያዋ ታሽካ ገባን። ተቀምጠን ሳናበቃ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና አንዲት ድብልብል አይብ መጣች።

«አየህ?» አሉ አክስቴ፤ «እንግዳ ተቀባይ ናቸው። ማን አዘዛቸው?»

«እቴቴ፣ ይህ ኩቬር ይባላል። ከነኩት ይከፈልበታል፤ ካልነኩት ይመለሳል።»

«ዳቦና ወይራ ለእንግዳ አቅርበው ያስከፍላሉ?»

«አዎ።»

አክስቴ አይቧን በአንዲት ጣት እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ድረስ ገፏት፤ ዓርብ ባይሆን እንኳ የሚገፏት ይመስለኛል። ከዚያ አንድ የወይራ ፍሬ አንስተው፣ «ይህን እኔ እከፍላለሁ» ብለው ጎረሱ።

ባለቤቷ በእኛ እናቶች ዕድሜ ያለች፣ ክንዷ የወፈረ፣ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ነች። የልጅ ልጇ እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ በእሱ በኩል ተነጋገርን። እሷ ግን አስተርጓሚውን እንደ ጌጥ ነው የያዘችው፤ ከአክስቴ ጋር በቀጥታ በፖርቱጋልኛ ታወራለች፣ አክስቴም በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላሉ።

መጀመሪያ የመጣው ካልዱ ቬርድ ነው። ድንች ተቀቅሎ ተፈጭቶ ወደ መረቅነት ከተለወጠ በኋላ ጎመን ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አክስቴም ቆይተዋል። ጎመኑ እንደ እኛው ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ቅጠሎቹን ደራርበው ይጠቀልሉና እንደ ክር ቀጭን አድርገው ይከትፉታል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትኩስ መረቅ ውስጥ ይገባል፤ አረንጓዴነቱ ሳይለቅ ይወጣል፤ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። አክስቴ አንዷን ክር በማንኪያ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። የሴት ልጅን ሙያ የሚለኩት በአከታተፍ ነው፤ በዚህ ሚዛን የወደቁ የዘመድ ሙሽሮች አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም። «ይቺ ሴትዮ እናቷ አስተምራታለች» ብለው ፈረዱ።

ሁለተኛውን ማንኪያ ወደ ታች ሲሰዱ ግን ከሳህኑ ወለል አንዲት ቀይ ክብ ነገር ተንሳፈፈች። ሾሪሱ ናት፤ በፓፕሪካና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ የአሳማ ቋሊማ። አንድ ቁራጭ ብቻ ናት፤ ነገር ግን ያቺ ቁራጭ የሾርባው ክብር ናት፣ ለእንግዳ ሳታስቀር የሰጠች አስተናጋጅ የምትታወቅባት። አክስቴ ማንኪያውን አስቀመጡ። ሴትዮዋ ከበሩ ላይ አየች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ አጠገባችን ወይን የሚጠጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዞሩ።

አክስቴ ምንም ሳይናገሩ ወደ ፋጢማ ማርያም ሥዕል ጠቆሙ፣ አማተቡ፣ ከዚያ ወደ ቋሊማዋ ጠቆሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋም አማተበች። ነገሩ የገባት በከፊል ነው፤ ይህች ሴት የማርያም ወዳጅ ናት፣ ቀኑ ዓርብ ነው፣ ስለዚህ ሥጋ አትበላም። የካቶሊክ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ትርጉም አይፈልግም። ፊቷ ፈካ፣ ሾርባውን አንስታ እኔ ፊት አኖረችውና ወደ ውስጥ ገባች። አክስቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ብላ። አይጣልም» አሉኝ።

«እቴቴ፣ ዓርብ እኮ ነው።»

«አንተ ፍራንክፈርት ስትጾም ነው የማውቅህ? ብላ።»

እንግዲህ የጾም ምግብ መጣ፤ በሴትዮዋ የጾም ሕግ። ባካልያው አ ብራሽ ይባላል። ባካልያው በጨው የደረቀ ኮድ የሚባል ዓሣ ነው። በጣት ተፈልፍሎ ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል፤ ክብሪት ያህል ቀጭን ሆኖ የተጠበሰ ድንች ይጨመርበታል፤ መጨረሻ ላይ እንቁላል ተመትቶ ይፈስበትና ሳይደርቅ፣ ገና እየተንቀሳቀሰ ከእሳት ይወጣል። ጥቁር ወይራና ፓርስሊ ላዩ ላይ ተበትኖ ሲመጣ ሽታው የልጅ ልጅየውን ንግግር አቋረጠው። ዓሣን በተመለከተ የአክስቴ አቋም እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ አዲስ አበባ በጾም አይበሉም፣ ባሕር ማዶ ግን «ለመንገደኛ» የሚል አንቀጽ አላቸው። እንቁላል ግን በየትም አንቀጽ አይገባም። ሳህኑ ወደ እኔ ተገፋ።

ሴትዮዋ እንቁላሉ ቢቀር ምን ልስጥ ብላ አሰበችና ባካልያው ኮም ናታሽ አመጣች፤ ዓሣው በክሬም ተለውሶ ምድጃ ውስጥ ላዩ እስኪቀላ የተጋገረ። ክሬም! እሱም ወደ እኔ ተገፋ። ተስፋ ሳትቆርጥ ሦስተኛ ሞከረች፦ የተቀቀለ ዓሣ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ የወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት። አክስቴ ፊታቸው መፍታታት ሲጀምር ድንቹን ገለጥ አደረጉት፤ ከሥሩ ለሁለት የተከፈለ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉን ከፍቶ አያቸው።

«እነዚህ ሰዎች ዶሮን ምን አድርገዋት ነው እንዲህ የምትገብርላቸው?» አሉ አክስቴ።

የልጅ ልጅየው ነገሩ እንዳሳፈረው ይመስለኛል፤ አያቱን ሊከላከል ስለ ባካልያው ይነግረን ጀመር። አስገራሚው ነገር ይህ ዓሣ በፖርቱጋል ባሕር ፈጽሞ የለም። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አትላንቲክን አቋርጠው ከኒውፋውንድላንድ ሲያመጡት ኖረዋል፤ ዛሬ አብዛኛው ከኖርዌይ ይገዛል። ቤተ ክርስቲያን ሥጋ በምትከለክልበት ቀን፣ ከባሕር ርቆ ላለው ገጠር ሳይበላሽ የሚደርስ ዓሣ ይሄ ነበር፤ ስለዚህ የአገሩ የጾም ምግብ ሆነ። የገና ዋዜማ እራትም እሱው ነው። በጨው ደርቆ ግድግዳ ቢያስደግፉት ይቆማል፤ ለመብላት አንድ ሁለት ቀን ውሃው እየተቀየረለት መዘፍዘፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1934 የሳላዛር መንግሥት ሕዝቡ የራሱን ባካልያው ይዞ እንዲበላ ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። ሸራ ያላቸው ነጫጭ መርከቦች እስከ ኒውፋውንድላንድና ግሪንላንድ ይሄዱና፣ ሌሊት ሳይነጋ ዓሣ አጥማጁን በትንሽ ጀልባ ብቻውን ባሕሩ ላይ ያወርዱታል። በጭጋግ ውስጥ፣ በእጁ በያዘው ገመድ ሲያጠምድ ይውላል፤ ጀልባው ከሞላ ይመለሳል፣ ጭጋጉ ከጸና ላይመለስም ይችላል። ብዙ ወራት ይቆያሉ። የሴትዮዋ አባት ከእነዚህ አንዱ ነበሩ።

አክስቴ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ እኔ ልበላው የጀመርኩትን ሳህን አዩና፣ «አጥንቱን በደንብ ጋጠው፤ ሰው ነፍሱን የሰጠበት ነው» አሉኝ። እንቁላሉን ግን ይቅር አላሉትም። እኔም ነገር ላስታርቅ ብዬ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር አገራችን ስለቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አወራሁላቸው፤ ስለ ጾማችን ጥብቅነት ጽፎ መጽሐፉ በ1540 እዚሁ ፖርቱጋል ታትሟል አልኳቸው።

«አይቶ፣ ጽፎ፣ አሳትሞ አበቃ፤ ታዲያ አንድም ሰው አላነበበውም ማለት ነው!»

በአክስቴ ልብ ውስጥ ከፖርቱጋል ጋር የቆየ የገቢና የወጪ መዝገብ አለ። በአንድ ወገን የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ መጥቶ በዓመቱ እኛ አገር መሞቱ ተጽፏል። በሌላው ወገን ኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን፣ አፄ ሱስንዮስ፣ የፈሰሰው ደም፣ በመጨረሻም አፄ ፋሲል አባረው ነገሩን መዝጋታቸው አለ። ያን ቀን ጠዋት ቤሌም ገዳም ውስጥ የአባትየውን መቃብር ሲያዩ «ልጁስ ደግ ነበር» ብለው ነው ያለፉት። አሁን ሦስት ሳህን እንቁላልና ክሬም በወጪው በኩል ሊያስገቡ መሆኑ ከዐይናቸው ይታየኛል።

ልጁ አንድ መላ አመጣ። አልዬይራ የሚባል ቋሊማ አለ፤ እንደሚባለው አሳማ የለበትም። ንጉሥ ማኑኤል በ1496 መጨረሻ አይሁዳውያን ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር እንዲለቁ አዋጅ አወጣ፤ ብዙዎቹ በግድ ተጠመቁ። ጎረቤት ግን ጭስ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቋሊማ የሌለውን ቤት እየቆጠረ ይጠቁማል። ስለዚህ በዶሮና በአደን ሥጋ፣ በዳቦና በነጭ ሽንኩርት ቋሊማ የሚመስል ነገር ሠርተው ሰቀሉ ይላል ትረካው። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱ። «ጎበዞች! ጎበዞች!» በሃይማኖቱ የማይሸነፍ፣ በወጥ ቤቱ የሚዋጋ ሰው ለእሳቸው ጀግና ነው። «አምጣልኝ» ሊሉ ሲቃጡ ልጁ፣ «ዛሬ ዛሬ ግን ብዙዎቹ አሳማ ይጨምሩበታል» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ዶሮውስ ቢሆን ዓርብ አይደል? አክስቴ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ምግብ መበላሸቱ አናዷቸው ሴትዮዋን ሊጠይቁ ተነሡ፤ ተነሥተውም ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

የሰው ወጥ ቤት እንግዳ አይገባም። አክስቴ ይህን ሕግ የሚያከብሩት የራሳቸው ወጥ ቤት ሲሆን ነው። እኔም ልጁም ተከትለን በሩ ላይ ቆምን። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አየቻቸው፣ አክስቴም መደርደሪያውን በዐይናቸው ፈተሹ። ያደረ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እቅፍ የድንብላል ቅጠል፣ የወይራ ዘይት፣ የሚፈላ ውሃ። አክስቴ ጣታቸውን በተራ በተራ አሳረፉባቸው፣ ከዚያ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። ሴትዮዋ በሣቅ ፈነዳች፤ ለካ የተወለደችው አሌንቴዡ ነው፤ አክስቴ የጠቆሙት የአገሯን የድሃ ምግብ ነው፣ አሶርዳን።

ሙቀጫ ወረደ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና የድንብላል ቅጠል ገብቶ ይወቀጥ ጀመር። ዘነዘናው ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳረፈ አክስቴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ የወጥ ቤት ሁኔታ የሚታወቃቸው በድምፅ ነው። ውቅጡ ሳህን ውስጥ ገባ፣ የወይራ ዘይት ፈሰሰበት፣ የፈላ ውሃ ተቸለሰበት፣ ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። ዳቦው በእጅ እየተቆረሰ ገባ። ከዚያ የሴትዮዋ እጅ በልማድ ወደ እንቁላሉ ሄደ፤ አሶርዳ ላይ ውሃ ውስጥ የበሰለ እንቁላል ይደረግበታልና። አንዱን አንስታ ውሃው አፋፍ ላይ ስትደርስ አክስቴን አየች። አክስቴ ሌባ ጣታቸውን ግራ ቀኝ አወዛወዙ። እንቁላሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ፍትፍት!» አሉ አክስቴ በመጀመሪያው ጉርሻ። «ይኸው ፍትፍት ያውቃሉ፤ ደብቀውን ነው እንጂ።»

ትንሽ ይጎድለዋል ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ቫይታሚኑ» ወጣ፤ ከአሶርዳው ላይ ቀይ ዝናብ ዘነበበት። ሴትዮዋ ጣቷን ነክሳ... ይቅርታ፣ ነክራ ቀመሰች። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ዐይኗ ሞላ፣ ጉንጯ ቀላ፣ የማርያምን ስም ጠርታ የግድግዳውን ሴራሚክ ተደገፈች። ሽማግሌዎቹ ከውጭ ሆነው ተንከተከቱ። ክብሯን ልታስመልስ የራሷን ጠርሙስ አወጣች፤ ፒሪ ፒሪ ነው፣ ትንንሽ ቃሪያ በዘይት የተዘፈዘፈበት። አክስቴ ሳህናቸው ላይ ገለበጡት፣ በሉ፣ ዐይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። «ዘይቱ ጥሩ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቃሪያ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ከአትላንቲክ ማዶ አንስተው ወደ አፍሪካ ዳርቻና ወደ ሕንድ ካዞሩት ሰዎች ዋነኞቹ ፖርቱጋሎች ናቸው። በእነሱ መርከብ ስንት ሕዝብ በርበሬ ለመደ! እነሱ ግን የዓለምን ምላስ አቃጥለው ሲያበቁ አገራቸው ገብተው ዓሣ በወይራ ዘይት ይበላሉ። ይህ በአክስቴ መዝገብ በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ አልጠየቅኳቸውም።

ጣፋጭም መጣ፤ ፓሽቴል ደ ናታ ነው፣ ላዩ ነጠብጣብ ጥቁረት እስኪያበጅ የተቃጠለ የእንቁላል አስኳል ክሬም፣ በሚንኮሻኮሽ ቂጣ ውስጥ። የቤሌሙ ዝነኛ ቤት የተከፈተው በ1837 ነው፤ ገዳማቱ በ1834 ሲዘጉ የመነኮሳቱ አሠራር ወደ ገበያ ወጣ ይባላል። የዚህ አገር ጣፋጭ አብዛኛው ከገዳም የወጣ፣ አብዛኛውም አስኳል ነው። አክስቴ መነኮሳት የሚለውን ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ መናገር እንኳ አልፈለጉም። በላሁት። በነገራችን ላይ እጅግ ግሩም ነው፤ ቀረፋ ነስንሳችሁ በትኩሱ ከሆነ ሁለተኛውን አለመጠየቅ ያቅታል። ቡናው ቢካ ይባላል፤ እንደ ስኒያችን ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ። አክስቴ ፉት አሉና «ቆሉት ወይስ አከሰሉት?» ብለው ጠጥተው ጨረሱት።

ሒሳቡ ወረቀቱ ላይ ተጻፈ። አይቧ አልተነካችምና አልተቆጠረችም። ወይራው ተቆጥሯል። አሶርዳውን ግን ሴትዮዋ ጭራሽ አልጻፈችውም። አክስቴ እስክሪፕቶውን ከእጇ ወስደው በራሳቸው እጅ አሥር ዩሮ ጻፉ። ሴትዮዋ ሰረዘች። አክስቴ መልሰው ጻፉ፤ ሴትዮዋ ወረቀቱን ከዳር ቀደደችው። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለው ይደግፉ ጀመር። በመጨረሻ ገንዘቡ ከማርያም ሥዕል ሥር እንዲቀመጥ ተስማሙ፤ ሁለቱም ያላሸነፉበት፣ ሁለቱም ያልተሸነፉበት ውል ነው። ከበሩ ስንወጣ አክስቴ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ቅዳሜ ክፍት ነው በለው።»

ጠየቅኩት። ክፍት ነው አለ።

«እንግዲያው ለአያቱ ይንገርልኝ፤ ነገ ጾም የለም። ያንን ሁሉ እንቁላሏን ሰብስባ ታምጣው!»